ያረጀ የሞተር ኤሌክትሪክ ሽቦ፦ መቼና እንዴት ይቀየራል?

በአገራችን መንገዶች ላይ 30 እና 40 ዓመት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛሉ። የብዙዎቹ ሞተር በተደጋጋሚ የታደሰ ቢሆንም በዙሪያው የተዘረጋው ሽቦ ከፋብሪካ እንደወጣ ሊሆን ይችላል። የሽቦው ፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት፣ በዘይትና በንዝረት ምክንያት እየደረቀ ይሰነጠቃል። የተራቆተው መዳብ የሞተሩን ብረት ሲነካ በተለምዶ ሾርት የሚባለው ችግር ይፈጠራል፤ በነዳጅ ቱቦ አጠገብ ከሆነም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አደጋውን የሚያባብሰው ደግሞ የጥገና ልማድ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በ15 አምፔር ፋንታ 30 መትከል፣ ይባስ ብሎም በሽቦ ቁራጭ መተካት ይስተዋላል። ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው መብራቱን ወይም ጡሩምባውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ፊውዙ ካላቋረጠ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል።

ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተሸፈነው ሽቦ ጤናማ ነው ማለት አይደለም። መብራቱ ሞተሩ ሲነሳ ከልክ በላይ የሚደበዝዝ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የሚሰማ ወይም ሽቦው ሲታጠፍ የሚሰባበር ከሆነ ባለንብረቱ ተሽከርካሪውን ለባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል። በቅድሚያ መፈተሽ ያለበት ባትሪውን ከሞተሩና ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ነው፤ ሞተሪኖው ሲሽከረከር በዚህ መስመር ላይ ከ0.5 ቮልት በላይ ከጠፋ ሽቦው ወይም መጋጠሚያው ተበላሽቷል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ በዚሁ ያበቃል፤ ሙሉ ቅየራም አያስፈልግም።

ቅየራው አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ በየቦታው ከመቀጣጠል ይልቅ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለወጥ ይመረጣል። አዲሱ ሽቦ ከነባሩ ያልቀጠነ፣ ለሞተር ሙቀት የተሠራና ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆን አለበት። ለቤት መብራት የሚውለው ባለ አንድ ክር ሽቦ ዋጋው ቢረክስም በንዝረት ስለሚሰበር ለተሽከርካሪ አይሆንም። ባለንብረቱ ይህን ከኤሌትራውቶ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ ሊስማማ፣ የተቀየረውን መስመርና የፊውዙን መጠን የሚገልጽ ደረሰኝም ሊጠይቅ ይገባል።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ በቅድሚያ ይፈታል፤ አሮጌው ሽቦ ከመነሳቱ በፊትም እያንዳንዱ መጋጠሚያ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ምልክትም ይደረግበታል። አዲሱ ሽቦ ከጭስ ማውጫው ርቆ ከታሰረ በኋላ ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይታሰራል።