ከማግማ እስከ ዋልካ፦ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የዐለቶች አፈጣጠርና ለግንባታ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማና በአካባቢው ለሕንፃ መሠረት መሬት ሲቆፈር የሚወጣው ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዱ ቦታ ጥቁርና ድፍን ድንጋይ፣ በሌላው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ጠጠር፣ በሦስተኛው ለመጥረብ የሚመች ግራጫ ዐለት ይገኛል። ከዐለቱ በላይ ወፍራም ጥቁር አፈር የሚያጋጥምበት ቦታም ብዙ ነው። ይህ ልዩነት ዐለቶቹ የተፈጠሩባቸው መንገዶች ውጤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ ዐለት የሚሸከመው ክብደትና የሚያሳልፈው ውኃ ከአፈጣጠሩ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ማሳየት ነው።

ሦስቱ የዐለት ዓይነቶች

ዐለቶች በአፈጣጠራቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ማግማ ቀዝቅዞ ሲጠጥር የሚገኙ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደለል ተከማችቶና ተጣብቆ የሚሠራቸው ሲሆኑ፣ ሦስተኛዎቹ ነባር ዐለት ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት ባሕርዩ ሲለወጥ የሚፈጠሩ ናቸው። ለሲሚንቶ የሚውለው የሙገር ኖራ ድንጋይ የሁለተኛው፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው እብነ በረድ የሦስተኛው ምሳሌ ነው። ሁለቱም ወደ ነፋስ ስልክ የሚደርሱት በጭነት መኪና ነው፤ የአካባቢው የራሱ ዐለት ግን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው።

የዚህ ምክንያት ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ መመሥረቷ ነው። ሞርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የአዲስ አበባ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጉ ቁጥር ዕድሜያቸው እያነሰ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስለዚህ ከእንጦጦ ተነሥቶ በነፋስ ስልክ በኩል ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው በጥቅሉ ከአሮጌ ዐለት ወደ ወጣት ዐለት ይጓዛል።

አራት ዐለቶች፣ አራት አፈጣጠሮች

ባዛልት የሲሊካ መጠኑ አነስተኛ፣ ከ45 እስከ 52 በመቶ ገደማ፣ ከሆነ ማግማ ይፈጠራል። ይህ ማግማ ቀጭን በመሆኑ ሲወጣ እንደ ጎርፍ ይነጠፋል። ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። መካከሉ ድፍንና ጠንካራ ሲሆን፣ የላይኛውና የታችኛው ገጹ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳማ ነው።

ያው ማግማ ብዙ ጋዝ ሲይዝ ግን በእሳተ ገሞራው አፍ ዙሪያ ተበታትኖ ይወድቃል። የጋዙ አረፋ ቀዳዳ ሆኖ ይቀርና ስኮሪያ ይፈጠራል፤ በግንባታ ገበያ ሬድ አሽ የሚባለው ይህ ነው።

ትራካይት ከባዛልት የበለጠ ሲሊካ አለው። ማግማው ወፍራም ስለሆነ ርቆ አይፈስም፤ በወጣበት ተከምሮ ጉብታና ተራራ ይሠራል። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ የሚታዩት የፉሪና የወጨጫ ተራሮች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ኢግኒምብራይት ደግሞ የፍንዳታ ልጅ ነው። የጋለ አመድ፣ የፑሚስ ስባሪና ጋዝ ተቀላቅለው መሬት ለመሬት ይከንፋሉ። ክምችቱ ሲያርፍ ሙቀቱ ከፍተኛ ከሆነ ስባሪው እርስ በርሱ ተበይዶ ጠንካራ ዐለት ይሆናል፤ ሙቀቱ ዝቅ ካለ ግን ልልና በቀላሉ የሚፈረፈር ሆኖ ይቀራል።

ዐለቱ ሲበሰብስ

የዐለቱ ታሪክ በመጠጠሩ አያበቃም። ውኃ በቀላሉ በማይወርድበት ሜዳ ላይ ባዛልትና መሰሎቹ ለረጅም ዘመን ሲበሰብሱ ዋልካ አፈር ይፈጠራል። በውስጡ ያለው ሸክላ ክረምት ውኃ መጥጦ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈ ቀላል ቤት ወይም አስፋልት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ይሰነጠቃል። ዋልካን ቆርጦ ማውጣትና በተመረጠ አፈር መተካት ወይም መሠረቱን ከሚያብጠው ንብርብር በታች ማሳረፍ የተለመደውም ስለዚህ ነው።

ለግንባታና ለውኃ ያለው ትርጉም

ከዚህ ሁለት ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በምርመራ ቁፋሮ ጠንካራ ባዛልት መገኘቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ላቫ በተለያዩ ዘመናት ተደራርቦ ስለሚፈስ፣ ከድፍኑ ንብርብር ሥር ስኮሪያ፣ ልል አመድ ወይም በላቫ የተሸፈነ ጥንታዊ አፈር ሊኖር ይችላል። ቁፋሮው የመጀመሪያው ዐለት ላይ ከቆመ ዲዛይኑ የሚመሠረተው በከርሰ ምድሩ ቅርፊት ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመሠረት የሚያሰጋው ቀዳዳና ስንጥቅ ለውኃ ማከማቻ ነው። ከነፋስ ስልክ በስተደቡብ ያለው የአቃቂ ጉድጓዶች መስክ ለከተማዋ የሚሰጠው ውኃ የሚገኘው ከስኮሪያና ከተሰነጠቀ ባዛልት ነው። ውኃ የሚያሳልፍ ዐለት ግን ብክለትንም ያሳልፋል። አፈሩ በሳሳበትና ስንጥቁ ለገጽ በቀረበበት ቦታ የሚለቀቅ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊደርስ ይችላል።

ማጠቃለያ

በአካባቢው የሚገኙት ዐለቶች ሁሉ ምንጫቸው እሳተ ገሞራ ቢሆንም፣ በመፍሰስ፣ በመበተን፣ በመከመርና በመበየድ የተፈጠሩት ለክብደትም ሆነ ለውኃ አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም። በመሆኑም የመሠረት ምርመራ ዘገባ «ዐለት» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የዐለቱን ዓይነት፣ የንብርብሩን ውፍረትና ከሥሩ ያለውን ነገር ቢገልጽ፣ ለመሐንዲሱም ለውኃ ባለሙያውም እኩል የሚያገለግል መረጃ ይሆናል።