የብላቴኖች የራግቢ ጨዋታና የወላጆች ትዕግሥት

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። በእንግሊዝ አገርም ልጁ ከጨዋታ ሜዳ ሲመለስ የሚጠየቀው «አሸነፋችሁ ወይስ ተሸነፋችሁ?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ከፍቅር የሚመጣ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ልጅን ሊያሳድገውም ሊያቀጭጨውም የሚችል ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ገጽ የእንግሊዝ ብላቴኖች በትምህርት ቤታቸው የሚጫወቱትን ራግቢ የተባለውን ጨዋታ ምሳሌ አድርገን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ነገር ለመጻፍ ወደድን።

ራግቢ በመጀመሪያ የከተማ ስም ነው። በዚያ ከተማ ባለው በታወቀው ትምህርት ቤት፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ሦስት ተማሪዎች የጨዋታውን ደንብ ጽፈው አወጡ (ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ኳሱንም ይሠራላቸው የነበረው ዊልያም ጊልበርት የተባለ የከተማው ጫማ ሰፊ ሲሆን፥ የዐሣማ ፊኛ ነፍቶ በቆዳ ይለብጠው ስለ ነበረ ኳሱ ፍጹም ክብ ሊሆን አልቻለም፤ በኋላም ዕንቁላል የመሰለው ቅርጹ የጨዋታው ምልክት ሆኖ ቀረ። በ1871 ዓ.ም. የእንግሊዝ የራግቢ ማኅበር በሎንዶን ተቋቋመ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ ከተጋጣሚው መሥመር ማዶ መሬት ያስነካው እንደ ሆነ ትራይ ይባላል፥ ዋጋውም 5 ነጥብ ነው። ነገር ግን ኳሱን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ለመሄድ የሚሻ ቡድን ኳሱን ከኋላ ለሚመጣው ባልንጀራ ማቀበል ግድ ይሆንበታል፤ ብቻውን ሁሉን ላድርግ የሚል ልጅ ብዙ አይራመድም።

ጨዋታው ኀይል የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ሕፃናትን በአንድ ጊዜ አይጥሉባቸውም። ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች ያሉት በወገባቸው ሁለት የጨርቅ ዘለበት አንጠልጥለው ይሮጣሉ፤ ተጋጣሚው ጨርቁን ይነጥቃል እንጂ ገላቸውን አይዝም። ሰውነት ይዞ መጣል የሚጀመረው ከ9 ዓመት በታች በሚባለው ክፍል ነው፤ በዚያም በአንድ ወገን የሚሰለፉት 7 ልጆች ብቻ ናቸው። በሚከተለው ዓመት 8፥ ቀጥሎ 9፥ ከ12 ዓመት በታች ሲሆኑ 12፥ ከ13 ዓመት በታች ሲሆኑ 13፥ በመጨረሻም ከ14 ዓመት በታች ሲደርሱ እንደ አዋቂዎቹ 15 ይሆናሉ። ሜዳውና ኳሱም ከዕድሜያቸው ጋር ያድጋሉ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ምክር በዚህ ሥርዓት ተፈጽሞ ይታያል።

የብላቴኖቹ የጨዋታ ወራት የሚጀምረው ትምህርት ቤት በሚከፈትበት በሴፕቴምበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሬቱ ገና ደረቅ ነው፤ አሠልጣኙም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ማሸነፍን ሳይሆን መውደቅን ነው። ቀጥሎ ባላጋራን ዝቅ ብሎ በትከሻ መያዝን፥ በሚይዝበትም ጊዜ ራሱን ከሚሮጠው ልጅ ፊት ሳያደርግ በጎኑ ማሳለፍን ያስተምራል። በዚህ ወራት ብዙ ጊዜ የሚደነቀው በቁመትና በክብደት ከጓደኞቹ የሚበልጠው ልጅ ነው፤ ኳሱን ከያዘ የሚያቆመው የለምና። ነገር ግን ኖቬምበር ገብቶ ሜዳው ጭቃ ሲሆን፥ ትንንሾቹም ዝቅ ብለው እግር መያዝን ሲለምዱ፥ በኀይሉ ብቻ ይታመን የነበረው ልጅ ይወድቃል፤ ማቀበልን የተማሩት ግን ወደ ፊት ይገፋሉ።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንሻው ዋና ነገር ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር የክፍል ዕድሜ የሚቈጠረው ከሴፕቴምበር 1 ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ፥ በዚያ ወር የተወለደ ልጅ በተከታዩ ኦገስት ከተወለደው ጋር በአንድ ክፍል ይሰለፋል፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ያህል አለ። በዚህ ላይ ቁመት ድንገት የሚመዘዝበት ጊዜ ለአንዱ በ12 ለሌላው በ15 ዓመቱ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ በ12 ዓመቱ ጀግና የተባለው ልጅ ምናልባት ቀድሞ ማደጉ ብቻ ይሆናል፤ ደካማ የተባለውም ጊዜው ገና አልደረሰ ይሆናል። ቢያድግም ቁመቱ አጭር ሆኖ የቀረ ሰው እንኳ ተስፋ የሚቈርጥበት ምክንያት የለም። የእንግሊዝ ጎረቤት በሆነችው በዌልስ የተወለደው ሼን ዊልያምስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ገደማ ስለ ነበረ ለዚህ ጨዋታ ያንሳል ተብሎ ነበር፤ እርሱ ግን በ2008 ዓ.ም. የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፥ ለአገሩም 58 ትራይ አስቈጠረ።

ድልን ብቻ የሚሻ አሠልጣኝ ትልልቆቹን አሰልፎ ትንንሾቹን በሜዳ ዳር ብርድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። የእንግሊዝ ማኅበር ይህን አይቶ፥ ለጨዋታ የተጠራ ብላቴና ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ጊዜ እኩሌታ እንዲጫወት ደነገገ። ሳይጫወት የሚማር ልጅ የለምና ደንቡ መልካም ነው እንላለን።

ለድል መቸኰል ከዚህ የከፋ ጉዳትም አለው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ በትምህርት ቤቶች ግጥሚያ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራሱን ተመትቶ ሳለ ከሜዳ ሳይወጣ ቀረ፤ ደግሞም ተመትቶ ወደ ጨዋታው መጨረሻ ወደቀ፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ዐረፈ። ሞቱን የመረመረው ዳኛ በ2013 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ ልጁን የገደለው የመጀመሪያው ጉዳት ሳይድን የተደገመው ምት ነው። ወላጆቹ በኀዘናቸው ተዘግተው አልቀሩም፤ የሌላው ሰው ልጅ እንዲድን ደክመው አስተማሩ። ስኮትላንድም በ2015 ዓ.ም. ለስፖርት ዓይነቶች ሁሉ አንድ መመሪያ አወጣች፤ ፍሬ ነገሩም ራሱን ተመትቷል ተብሎ የሚጠረጠር ልጅ ወዲያው ይውጣ የሚል ነው። በእንግሊዝ ይህ የደረሰበት ልጅ ቢያንስ 21 ቀን ሳያልፍ ወደ ግጥሚያ አይመለስም፤ ከ2023 ዓ.ም. ወዲህም ባላጋራን ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ መያዝ በብላቴኖችም ሆነ በአማተር አዋቂዎች ጨዋታ ተከልክሏል። ልጁ «ደኅና ነኝ፥ ልጫወት» ቢል እንኳ የታላላቆቹ ፋንታ እንቢ ማለት ነው።

የጨዋታው ጠባይ ደግሞ ሊመሰገን ይገባል። ልጆቹ ዳኛውን «ጌታዬ» ብለው ይጠሩታል፤ ስለ ፍርዱም የሚጠይቀው አለቃቸው ብቻ ነው። ሲፈጸም ይጨባበጣሉ፤ ባለሜዳዎቹም ብዙ ጊዜ እንግዶቻቸውን ሻይና ምግብ ይጋብዛሉ። በእኛ አገር በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ ልማድ እንደ ሆነ፥ በዚያም የሜዳ ቂም ከሜዳ አይወጣም።

ዲሴምበር ደርሶ ጨዋታው ሲያበቃ አሠልጣኙ ያሸነፈበትንና የተሸነፈበትን ይቈጥራል። እኛ ግን ሌላ ቍጥር እንዲቈጠር እንመክራለን፤ ይኸውም በሴፕቴምበር ከጀመሩት ልጆች ስንቶቹ በጤና ጨረሱ? ከመውደቅ ይፈራ የነበረው ልጅ ዛሬ ይፈራልን? ኳሱን ለማንም የማይሰጠው ልጅ ማቀበል ተማረን? የሚመጣውስ ዓመት ስንቶቹ በፈቃዳቸው ይመለሳሉ? የሚል ነው።

ልጃችሁ በራግቢም ቢሆን በሌላ ጨዋታ ወይም በትምህርት፥ ማታ በደጅ ብቅ ሲል «አሸነፍህ ወይ?» ከማለታችሁ አስቀድሞ «ዛሬ ምን ተማርህ? ጓደኛህንስ በምን ረዳኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጅ በየቀኑ የሚጠየቀውን ነገር ለማግኘት ይደክማልና፥ የምትጠይቁት ነገር የሚያድግበት መንገድ ይሆናል።