ጥር ወይስ ሰኔ? የአፍሪካ ዋንጫ የጊዜ ሰሌዳና የኢትዮጵያ ክረምት



ያደግሁት ጎፋ ነው። በልጅነቴ የሰፈራችን ትልቁ የእግር ኳስ ውድድር የሚካሄደው በክረምት ነበር። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ቡድን የሚመሠረተው፣ ለማሊያ ገንዘብ የሚዋጣው፣ ጨዋታውም የሚጀመረው ዝናቡ በጠነከረበት ወቅት ነው። ሜዳችን ዋልካ ነበር። በደቡብ አዲስ አበባ በሰፊው የሚገኘው ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ኳሱንም እግሩንም ይዞ ያስቀራል። በጥር፣ ሜዳው ደርቆ ለጨዋታ በሚመችበት ጊዜ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን።

ያኔ ይህ ነገር አላስገረመኝም። የአየር ንብረት ትምህርት ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን አህጉራዊው ውድድርም በዚሁ በጎፋ ልጆች ሕግ እንደሚመራ ተገነዘብሁ፤ ኳስ የሚጫወቱት ሰማዩ ሲፈቅድ ሳይሆን ተጫዋቹ ሲለቀቅ ነው። ዛሬ የማቀርበው ገለጻ የዚህን ሕግ መዘዝ የሚመለከት ነው።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ነገሮችን ወሰነ፤ የአፍሪካ ዋንጫ ተሳታፊዎች ከ16 ወደ 24 እንዲያድጉ፣ ውድድሩም ከጥር ወደ ሰኔና ሐምሌ እንዲዛወር። ለሁለተኛው ውሳኔ ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው። የአህጉሩ ምርጥ ተጫዋቾች የሚቀጠሩት በአውሮፓ ክለቦች ነው፤ ክለቦቹ በጥር በውድድር መካከል ስለሚሆኑ ተጫዋች መልቀቅ ያንገሸግሻቸዋል፤ በሰኔ ግን እረፍት ላይ ናቸው። እንደኛ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

ውጤቱን አይታችኋል። እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ውድድር በግብፅ በሰኔና በሐምሌ ተካሄደ፤ ሙቀቱ ከባድ ስለነበር በ30ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ተጫዋቾች ውኃ የሚጠጡበት እረፍት ተፈቀደ። ካሜሩን በ2021 በዚያው ወቅት ልታዘጋጅ ታቅዶ ሳለ በዝናቡ ምክንያት ወደ ጥር ተመለሰ፤ ቀጥሎም ወረርሽኙ አንድ ዓመት ገፋው። ኮትዲቯር በ2023 ሰኔ ላይ ተይዞላት ነበር፤ ሰኔ በአቢጃን ዝናብ የሚበዛበት ወር ነውና ውድድሩ ወደ ጥር 2024 ተሻገረ። የሞሮኮው የ2025 ውድድር በታኅሣሥ እንዲጀመር የተደረገው ግን ከአየር ንብረት ጋር በተያያዘ ጉዳይ አልነበረም፤ በዚያው ክረምት ፊፋ አዲሱን የክለቦች ዓለም ዋንጫ በመያዙ ነው። ስለዚህ ከ2017ቱ ውሳኔ በኋላ በተካሄዱት አራት ውድድሮች በታቀደው ወቅት የተከናወነው አንድ ብቻ ነው።

«የአፍሪካ በጋ» የሚባል ወቅት የለም። የሐሩር ክልሉ የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በሐምሌ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር የኢትዮጵያን ከፍታ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሆኖም ይወርዳል። ጎረቤታችን ናይሮቢ በዚያው ሐምሌ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የእነርሱ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አልፏል። ስለዚህ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በጋራ ለሚያዘጋጁት የ2027 ውድድር የሰኔና የሐምሌ ሰሌዳ ለናይሮቢ የሚያሰጋ አይደለም። ለአዲስ አበባ ግን ያሰጋል።

የራሳችን ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ኢትዮጵያ ውድድሩን ሦስት ጊዜ አዘጋጅታለች። በ1954 ዓ.ም. ከጥር 6 እስከ 13 አራት ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተጋጠሙ፤ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የሚመራው ቡድናችን በፍጻሜው ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ1960 ዓ.ም. ከጥር 3 እስከ 12 ስምንት ቡድኖች በአዲስ አበባና በአሥመራ ተጫወቱ። ሁለቱም ውድድሮች ጥምቀትን መካከላቸው ያደረጉ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ጥምቀትን በሜዳ፣ በአደባባይ የምናከብረው በአመዛኙ ዝናብ በማይኖርበት ወቅት ነውና። ሦስተኛው በ1968 ዓ.ም. ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲካሄድ ወደ በልግ ተጠጋ። በክረምት ግን አንድም ጊዜ አላዘጋጀንም።

ኢትዮጵያ ለ2029ኙ ውድድር አዘጋጅነት ፍላጎቷን ገልጻ ነበር። ካፍ ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያካሂድ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። እኔም ተስፋውን እጋራለሁ። ነገር ግን ሰሌዳው ሰኔና ሐምሌ ከሆነ ምን እንደሚጠብቀን እናስላ።

አዲስ አበባ በጥር በአማካይ ከ20 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ታገኛለች፤ በሐምሌ ከ200 በላይ። ከድምሩ ይልቅ አወራረዱ ይበልጥ ያሳስበኛል። የክረምት ዝናባችን በአብዛኛው ከቀትር በኋላ፣ ነጎድጓድና አንዳንዴም በረዶ ይዞ በአጭር ጊዜ ይወርዳል፤ ጠዋቱ የተሻለ ነው። ታዲያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለምን አንጫወትም? ዳካር ላይ ያኔ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ፓሪስ ላይ 3 ሰዓት። የቴሌቪዥን መብት የገዛ ድርጅት ለዚያ ሰዓት ገንዘብ አይከፍልም፤ እርሱ የሚፈልገው ምሽቱን ነው።

ከዚያም ሣሩ አለ። 24 ቡድኖች 52 ጨዋታ ያደርጋሉ። በስድስት ስታዲየም ብናካፍለው እያንዳንዱ ሜዳ በአራት ሳምንት ውስጥ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ጨዋታ ይሸከማል። በ1954ቱ ውድድር በጠቅላላው የተደረጉት አራት ጨዋታዎች ነበሩ! ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወቅት የተነቀለ ሣር ቶሎ አያገግምም፤ ከሥሩ ውኃ ከተኛ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ሜዳው በዋልካ ላይ ከተሠራ አፈሩ ተጠርጎ ወጥቶ በጠጠርና በአሸዋ ድርድር፣ በማፋሰሻ ቧንቧም መተካት አለበት። ቧንቧው የሚለካውም በአንድ ሰዓት ሊወርድ በሚችለው ከባድ ዝናብ ነው፤ በዓመታዊ አማካይ የተሠራ ንድፍ ለሐምሌ ከሰዓት በኋላ አይበቃም።

ስለ ከፍታው ብዙ አልልም፤ እርሱ ወቅት አይመርጥም። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ሲከለክል ለጥቂት አመለጥን፤ እገዳው በኋላ ላልቷል።

የእኔ ምርጫ ጥር ነው። ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከክለቦች ጋር ያለው ጭቅጭቅ ይቀጥላል፣ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳና የኳሱ እንግዳ በአንድ ሆቴል ይሻማሉ፣ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶችም በእናንተ ተይዘዋል። ሰኔ ላይ ከተወሰነብን ግን በአደባባይ ከምንሰማው የመቀመጫ ብዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከሜዳው በታች ያለው ቧንቧ ለየትኛው ወር ዝናብ ተለክቶ ነው የተነደፈው? በአዳራሹ የምሕንድስና ተማሪዎች እንዳሉ አያለሁ፤ የጥያቄውን ጊዜ በእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል።