«ስልሳው ቀን አልፏል» እና ሌሎች የቡና ላይ ፍርዶች

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቡና እየተፈላ ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣ ደብዳቤ ከተነበበ ፍርዱ ከሁለተኛው ሲኒ በፊት ይሰጣል፦ «ቀኑ አልፏል እማማ፤ ዝም ብለው ይክፈሉ።» ደብዳቤው ከሚገባዎ በላይ የኤስኤስአይ ድጎማ ተከፍሎዎታልና ይመልሱ ይላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ለሠርግ ወይም ለተዝካር አገር ቤት ሄዶ 30 ቀን በተከታታይ የቆየ ሰው ኤስኤስአይ ይቋረጥበታል፤ ተመልሶም 30 ቀን እስኪሞላው አይቀጥልለትም። ዕቁብ ወጥቶላቸው ወር ሲጠባ ባንክ ያለው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር የበለጠባቸውም አሉ።

ቀኑ በእርግጥ አለ። ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ሲሆን ቆጠራው ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ይጀምራል፤ ሌላ ማስረጃ ከሌለ በላዩ ከተጻፈው ቀን 5 ቀን በኋላ እንደደረሰ ይቆጠራል። ካለፈ ግን በሩ አልተቆለፈም። ከባድ ሕመም፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ ደብዳቤው ጭራሽ አለመድረሱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የሰጠው የተሳሳተ መረጃ በቂ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። እንግሊዝኛ አለመቻልም ከግምት ይገባል። ምክንያቱ ተጽፎ፣ ማስረጃው ተያይዞ ከይግባኝ መጠየቂያው ፎርም 561 ጋር ይገባል። «ረሳሁት» ብቻውን አያስኬድም።

ደብዳቤው ሲመጣ ጎንደር የነበሩ እናት የፓስፖርት ማኅተማቸውን ቢያያይዙ ለመዘግየታቸው ጥሩ ማስረጃ ነው። ጉዱ ግን ያው ማኅተም ከአገር ውጭ መቆየታቸውንም ይመሰክርባቸዋል። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ይግባኙ ቀኑ ቢፈቀድላቸውም ላይረዳቸው ይችላል።

በእኔ አስተያየት ቡናው ላይ የሚዘነጋው ትልቁ ነገር ዌይቨር ነው። የሚጠየቀው በፎርም 632 ሲሆን የጊዜ ገደብ የለውም። ዕዳው መኖሩን አይክድም፤ ይሰረዝልኝ ይላል። ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ወይ? መክፈሉስ ከቤት ኪራይና ከምግብ ላይ ያስነሣዎታል ወይ? በኤስኤስአይ ብቻ ለሚኖር ሰው ሁለተኛውን ማስረዳት ብዙም አይከብድም። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው፤ «ጉዞውን ለምን አላሳወቁም?» ይባላል። እዚህም ላይ ዕድሜ፣ ትምህርትና የቋንቋ ችግር ይታያሉ። ጥያቄው ውሳኔ እስኪያገኝ ገንዘቡን መቁረጥ መቆም አለበት። ስሌቱም ስህተት ነው የሚል ሰው ሁለቱንም ፎርሞች ማስገባት ይችላል።

«ስህተቱ የእነሱ ስለሆነ አልከፍልም» የሚለው ግን ጎጂ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስህተት ብቻውን ዕዳ አይሰርዝም፤ ዌይቨር ሲጠየቅ ግን ጥፋተኛ አለመሆንን ለማስረዳት ይጠቅማል። «ሙሉውን ይወስዱታል» የሚለውም ኤስኤስአይ ላይ ላለ ሰው አይሠራም፤ ማጭበርበር ከሌለ በስተቀር በየወሩ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከገቢው 10 በመቶ ነው፤ ያም ከከበደ እንዲቀነስ ይጠየቃል።

አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ የእህት ልጅ ከሥራ ማስቀረት አያስፈልግም። ቢሮ ሲሄዱ የሚያስገቡትን ፎርም ሁለት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ማኅተም አስመትተው ይዘው ይመለሱ።