ብስክሌቴን የት ልሰረው?

ባለፈው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ለመገኘት በብስክሌት ሄድኩ። ሕንፃው በር ላይ የተተከለውን የብስክሌት ማቆሚያ ሳይ ደስ አለኝ። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ፣ የፊት ጎማ የሚሰካበት ክፍተት ያለው ብረት ነበር። ጎማዬን ሰክቼ በሰንሰለት አሰርኩና ቆልፌ ገባሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ሰንሰለቱም ቁልፉም አልተነኩም። የፊት ጎማዬም እንደተሰካ ነው። የጠፋው ሌላው ብስክሌት ነበር! ጎማው ያለመፍቻ በእጅ የሚፈታ ዓይነት ስለሆነ፣ ሌባው እሱን ለእኔ ትቶልኝ የቀረውን ይዞ ሄዷል። ጥበቃው "አይ ጋሼ፣ ቆልፈውት ነበር እኮ!" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቆልፌያለሁ፤ የቆለፍኩት ግን ጎማውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው ማቆሚያ ላይ ሆነ። ለመሆኑ ጥሩ የብስክሌት ማቆሚያ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

የመጀመሪያው መስፈርት ብስክሌቱን ከቴላዮው መያዙ ነው። ጎማን ብቻ የሚይዝ ማቆሚያ ለሌባ ይመቻል። ከዚህም ሌላ ብስክሌቱ በንፋስ ወይም በሰው ግፊት ወደ ጎን ሲያዘነብል ክብደቱ በሙሉ በተሰካው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ጎማውም ይጣመማል።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ማቆሚያዎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ነው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ሁለት ቦታ ላይ ይታጠፍና እግሮቹ በኮንክሪት ይተከላሉ። ቅርፁ የእኛን "በ" ፊደል ይመስላል። ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ብስክሌቱ በቁመቱ ስለሚደገፍበት አይወድቅም፤ ቴላዮውንና ጎማውን አንድ ላይ ማሰርም ይቻላል። በግራና በቀኝ ሁለት ብስክሌት ይይዛል። ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ሊሠራው ይችላል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። በሁለት ማቆሚያዎች መካከል አንድ ሜትር ያህል ካልተተወ የብስክሌቶቹ መሪዎች ይጠላለፋሉ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተተከለ ማቆሚያም ብስክሌት አያስገባም። እስቲ እናስላው፦ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል በሆነ የአንድ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ አምስት "በ" ቢተከሉ አሥር ብስክሌት ይቆማል። ለአንድ መኪና የምንሰጠው ቦታ ለአሥር ሠራተኛ ይበቃል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ማቆሚያው ከሕንፃው ጀርባ ከተደበቀ ሰው ብስክሌቱን በር ላይ ካለው ዛፍ፣ ምሰሶ ወይም የደረጃ መደገፊያ ጋር ያስረዋል። ያን ጊዜ የሚቸገሩት ዓይነ ስውራንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ወገኖቻችን ናቸው። ከመግቢያው አጠገብ፣ ጥበቃው ከተቀመጠበት በሚታይ፣ ማታ መብራት ባለበት ቦታ መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ለሚያቆም ሠራተኛ ደግሞ የክረምቱን ዝናብ የሚከላከል ጣሪያ ያስፈልጋል።

ውበትስ? ውበትን የሚጠላ የለም። ሙዚቀኛው ዴቪድ በርን እ.ኤ.አ. በ2008 ለኒውዮርክ ጎዳናዎች ዘጠኝ ማቆሚያዎችን ነድፎ ነበር። ለዎል ስትሪት የነደፈው የዶላር ምልክት ሲሆን፣ በጊታር፣ በውሻና በሴት ጫማ ቅርፅ የተሠሩም ነበሩበት። መንገደኛውን ፈገግ እያሰኙ ብስክሌት ያሳስሩ ነበር። በአንፃሩ የካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀለበት የተገጠመላቸው የሚያምሩ አጫጭር ምሰሶዎችን ተክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ቀለበቱ በእንጨት ተፈልቅቆ ሊሰበር እንደሚችል ታወቀ። ቅርፁ አላጠፋም፤ ያጠፋው የቀለበቱ ጥንካሬ ነው።

ከቅርፁ ባላነሰ ዕድሜውም ይታሰብበት። በቀለም ብቻ ያማረ ብረት ሰንሰለት ሲፍቀው ይላጥና ይዝጋል። ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት የመጀመሪያ ቀን ብዙም ዓይን ባይስብ ከዓመታት በኋላም መልኩን ይዞ ይገኛል። በእኔ እምነት የማቆሚያ ውበት የሚለካው ብስክሌት ሲሞላበት ነው። ብስክሌቶቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈው፣ እግረኛው ሳይደናቀፍ ሲያልፍ ካየን ያ ማቆሚያ ያምራል። የእኔን ጎማ አስሮ ያስቀረው የሚያብለጨልጭ ብረት ግን ባዶውን ብቻ ነበር የሚያምረው።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። መንገድ ግን መድረሻ ይፈልጋል። ብስክሌቱን የት እንደሚያስር የማያውቅ ሰው በማግስቱ ታክሲ ይሰለፋል። ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶች፣ አርክቴክቶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ማቆሚያ ከማሠራታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። አንድ ብስክሌት ተውሳችሁ ናሙናው ላይ እሰሩ፤ ከዚያም የፊት ጎማውን ፈትታችሁ የቀረውን ይዛችሁ ለመሄድ ሞክሩ። ከሄደላችሁ፣ ብረቱን ለሠሪው መልሱለት።