የተሸሸገውን የሚለይ ዘብ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን የሚሸሸገው በሽተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ሲሆን ምን ይደረጋል? ባለፈው ሰሞን ወደ ዘነበወርቅ ወርደን ከተመለስን ወዲህ በልባችን ስናመላልሰው የሰነበትነው ጥያቄ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ለመላው አፍሪቃ የሚያገለግል የማሠልጠኛና የተሐድሶ ማዕከል ሆነ፤ ዛሬ አለርት የምንለው ይኸው ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተመሠረተ። ተቋሙ የተጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ባገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ስም ነው።

በዚያው ሰፈር ጥልፍ ይዘው ከደጃፋቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አግኝተን፥ «እማማ፥ መርፌው አይወጋዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው አይተውን፥ «ልጆቼ፥ ቢወጋኝማ ኖሮ ጣቶቼ በተረፉልኝ» አሉን።

በዚህ አንድ ቃል የበሽታው ጠባይ ሁሉ ተጠቃሏል። የሥጋ ደዌ ጣት የሚቆርጥ አይደለም፤ አስቀድሞ ሕመምን ይወስዳል። ሕመም የማይሰማው እጅ የጀበናውን ትኩሳት ሳያውቅ ይቃጠላል፤ እግርም እሾኹን ሳያውቅ ይቆስላል። ባክቴሪያው የሚደበቀው የነርቭን ክር እንደ ልብስ ሸፍነው በሚጠብቁት ሕዋሳት ውስጥ ነው። እጅግ ዝግተኛ በመሆኑ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ምልክቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ሊታይ ይችላል። እስከ ዛሬም በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ሊያበቅለው የቻለ የለም። ከዚህም በላይ ነርቩን አብዝቶ የሚጐዳው፥ ጠላቱን ለመምታት የሚነሣው የሰውነት የራሱ ሠራዊት ነው። እንግዲህ ተመራማሪው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፤ ጠላቱ የት እንደ ተደበቀ፥ ከሠራዊቱም ማን ማን እንደ ተሰለፈ።

ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ይባላል። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያሰማራው ዘብ ነው። በተፈጥሮ ዘቦቹ ብዙ ዓይነትና ድብልቅ ናቸው። ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ግን በ1975 በካምብሪጅ አንድ ብልሃት አገኙ። አይጥን ባዕድ ነገር ወግተው ከጣፊያዋ ሕዋሳት ወሰዱ። እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ዓይነት ዘብ ብቻ ይሠራል፤ ነገር ግን ከሰውነት ውጭ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ መራባቱን ከማያቆም የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ከተዋሐዱትም አንዱን ነጥለው ሲያራቡት ዘሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘብ ብቻ የሚያመርት ሆነ። ለዚህ ሥራቸው በ1984 ከኒልስ ዬርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ዘቡ ዒላማውን አግኝቶ ሲጣበቅ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ቀለም ወይም ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይያያዝበታል። እንደ ወረቀት የሳሳ የሥጋ ቁራጭ በመስታወት ላይ ይደረግና ዘቡ ይፈስበታል፤ ያልተጣበቀው ይታጠባል፤ የቀረው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዳሩ ግን ቀለም የያዘ ሁሉ እውነት አይደለም። ሥጋውን ለማቆየት የሚደረገው መድኃኒት የዒላማውን ቅርጽ ሊለውጥ፥ ዘቡም ያለ ቦታው ሊጣበቅ ይችላል። ስለሆነም ጠንቃቃ ተመራማሪ ዒላማው የሌለበትን ሥጋ ጐን ለጐን ይፈትናል።

በዚህ መንገድ የአንጎል ጓዳ ሳይቀር ተፈትሿል። በአንጎላችን «ሂድ» የሚል መልእክት እንዳለ ሁሉ «ቁም» የሚልም አለ፤ «ቁም» ባዩ ባይኖር ሰውነት ሁሉ በተንፈራገጠ ነበር። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የሚገድለው በኅብለ ሰረሰር ያለውን የዚህን መልእክት ተቀባይ በመዝጋት ነው። በ1984 ሄንሪክ ቤትስና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር ለዚሁ ተቀባይ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ሠሩለት። በማግሥቱም ዓመት በባዝል የነበሩት ሐንስ ሞለርና ጓደኞቹ ጋባ ለተባለው «ቁም» ባይ መልእክተኛ ተቀባይ እንዲሁ አደረጉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል የሚሠራው በዚሁ ተቀባይ በኩል መሆኑን ስናስብ፥ ነገሩ ከእኛ ጤና ጣቢያ የራቀ አለመሆኑን እንረዳለን።

የሥጋ ደዌም ተራ ደረሰው። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ከልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች የተሰበሰቡትን የዚህን ባክቴሪያ ሞኖክሎናል አንቲቦዲዎች ያስመረመረበት ውጤት ታተመ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሐዋርድ ኤንገርስ ኋላ ዘነበወርቅ መጥተው የአርማወር ሐንሰን ተቋም ዲሬክተር ሆነዋል። በ2017 ደግሞ ኤደሳ ነገራና ባልደረቦቹ በአለርት የታከሙ በሽተኞችን ደም በእነዚሁ ባለቀለም ዘቦች መርምረው አንድ ነገር አሳዩ። በከባድ ትኩሳትና እባጭ የሚነሣው የሥጋ ደዌ ግርሻ በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ የሠራዊቱን ቁጣ የሚገቱት ሕዋሳት ቁጥር አንሶ ተገኘ። እነሆ፥ በአንጎልም በደምም «ቁም» የሚል ሲጐድል ጥፋት ይመጣል።

በዚህ ሁሉ ግን መሣሪያው ብቻውን ማንንም አላዳነም። በገጠር ጤና ጣቢያ በሽታው ዛሬም የሚታወቀው ሐኪሙ የነጣውን ቆዳ በጥጥ ነካ አድርጎ «ይሰማሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው የመድኃኒት ቅንጅት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተውን ነርቭ ግን አያስነሣም። ጉዳቱ ስድስት ወር ሳይሞላው የደረሰ ሰው ግን ነርቩን ለማትረፍ ተስፋ አለው።

እንግዲህ ተማሪ የሆንህ ወንድማችን፥ ተማሪ የሆንሽም እኅታችን፥ ማይክሮስኮፑን ለፈረንጅ ብቻ አትተዉት፤ ከታክሲ በሃያ ደቂቃ የሚደረስበት የምርምር ቤት አለላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዛችሁም «ዘነበወርቅ» የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚናገረውን ገሥጹ። ሰው ምልክቱን የሚሸሽገው በሽታውን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ እኛን ፈርቶ ነው። የተሸሸገ ባክቴሪያን የሚለይ ዘብ በቤተ ሙከራ ተገኝቷል፤ የተሸሸገውን ሰው ወደ ሐኪም የሚያወጣው ግን የእኛ ፊት ነው።