ባሌስትራ ቢላ ሲሆን

የተሰበረ የአይሱዙ ባሌስትራ ጋራዥ ውስጥ ተነቅሎ ሲጣል ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከጭነት በታች ሲጎብጥና ሲቃና የኖረው ከመቶ 0.6 ያህል በሚደርሰው ካርቦኑ ነው። ብረቱ በእሳትና በዘይት ሲያልፍ ጠንክሮ ስለት የሚይዘውም በዚሁ ካርቦን ነው። የግንባታ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ እንደ ልብ ይቀጠቀጣል፣ ቅርጽም ይይዛል፤ ሽንኩርት ሲቆርጡበት ግን ወዲያው ይዶለዱማል። ቢላ መሥራት በራሱ ጥረት መማር የሚፈልግ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የትኛው ቁራጭ ብረት ቢላ እንደሚወጣው ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ሰፈር ነው። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ የያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ መርካቶ ይደርሳል፤ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ምናለሽ ተራ አለ። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ጫማ፣ የመኪና ብረት መጥረቢያና ዶማ ይሆናል። ጀማሪው ባሌስትራውን፣ ያገለገለ ሞረዱንና መዶሻውን ከዚያው ሊሸምት ይችላል። «ጋሼ፣ ይሄ ቢላ ይወጣዋል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ልምድ ያለው ሠራተኛ በቃል ብቻ መመለስ አያስፈልገውም። ብረቱን ግራይንደር ላይ ለአፍታ ቢያስነካው ፍንጣሪው ይናገራል። ካርቦን የበዛበት ብረት ፍንጣሪው ብዙ ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳል፤ ካርቦን ያነሰበት ግን ቀጥ ያለና ረዘም ያለ ብልጭታ ይረጫል።

ይህ ጥያቄና መልስ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ለብዙ ዘመን ግን ብረት መቀጥቀጥ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ሙያ ነበር። በጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ብዙዎቹ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። በኦሮሞ ዘንድ ቱምቱ የሚባሉት፣ በኮንሶም ከአራሹ ተለይተው የሚኖሩት ባለሙያዎች እንዲሁ ሙያውን በዘር ይዘው ቆይተዋል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠሩት እነሱ ሆነው ሳለ ሕዝቡ «ጠይብ» እና «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር፤ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም። ማንም በፍቅር ወደ ሙያው እንዳይገባ አጥር የሆነው ይህ ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ንቀቱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ያም ሆኖ ዛሬ አንጥረኛ ዘመድ የሌለው የኮልፌ ተማሪ ወድዶና መርጦ መዶሻ ሲያነሳ ያ አጥር እየፈረሰ መሆኑን ያሳያል።

በራስ ጥረት መማር በሌላውም ዓለም የታወቀ መንገድ ነው። የአሜሪካን ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 የመሠረተው ቢል ሞራን በሜሪላንድ የገበሬ ልጅ ነበር። ገና በልጅነቱ ከእርሻ መሣሪያ ቁራጭ ቢላ እየቀጠቀጠ፣ ብዙ ብረትም እያበላሸ፣ ሙያውን በራሱ ተማረ። እሱ ለብቻው ሲፈትሽ የኖረውን የዛሬ ጀማሪ በስልኩ ከዩቲዩብ ያያል። ስልኩ የማያሳየው የእሳትን ትክክለኛ ቀለም ነው። ካሜራ የፍምን ብርሃን ስለሚያዛባ በስክሪን ላይ ብርቱካናማ የሚመስለው ብረት በዓይን ሲያዩት ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከምድጃ አጠገብ መቆም የግድ ነው።

ምድጃው ውድ አይደለም። ጭቃ የተመረገ አሮጌ የጎማ ቸርኬ ወይም በሸክላ ጡብ የታጠረ ትንሽ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ንፋስ የሚያስገባ ቱቦ፣ ከላዩ ከሰል ይበቃል። የገጠር አንጥረኛ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፎችን በግራና በቀኝ እጁ እያፈራረቀ ይነፋል። አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ስለሚተፋ ፍሙ አይቀዘቅዝም። የከተማ ልጅ የፀጉር ማድረቂያ ወይም በእጅ የሚሽከረከር ንፋስ መስጫ ይጠቀማል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የእጁ ይሻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጠረፍ ከተማ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የውጭ አገር ቪዲዮ ተከትሎ እሳቱ የደከመበት ጀማሪ ከሰሉን ከመውቀሱ በፊት ንፋሱን ይጨምር።

ባሌስትራው ደማቅ ብርቱካናማ ሲሆን በጉጠት ይወጣል፤ መስፍ ላይ ያርፋል። መስፍ ያልገዛ ሰው ወፍራም የከባድ መኪና አክስል ቁራጭ ግንድ ላይ አስሮ ይሠራል። መጀመሪያ ጫፉ ይሾላል፣ ቀጥሎ ወደ እጀታ የሚገባው ጭራ ይወጣል፣ በመጨረሻ የስለቱ ወገን ይሳሳል። የስለቱ ወገን ሲሳሳ ስለሚረዝም ቢላው ወደ ጀርባው ይጎብጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ በተቃራኒው ያጎብጠዋል። ብረቱ ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ መዶሻው መቆም አለበት፤ በቀዘቀዘ ብረት ላይ የወረደ ምት ስንጥቅ ያመጣል።

ቢላውን ቢላ የሚያደርገው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በሞረድ የተስተካከለው ብረት እንደገና ይሞቃል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ጀማሪው በሽቦ የታሰረ ማግኔት አጠገቡ ይይዛል፤ ማግኔቱ መሳብ ካቆመ በኋላ ብረቱን ጥቂት ጨምሮ ያሞቅና ለብ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይነክረዋል። ውሃ ለባሌስትራ ብረት ይፈጥናል፤ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዘይቱ የወጣው ስለት ሞረድ ሲያስኬዱበት ሞረዱ ሳይነክሰው ከተንሸራተተ ጠንክሯል። በዚህ ሁኔታው ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ ከእጅ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል።

መድኃኒቱ በመጠኑ እንደገና ማሞቅ ነው። ሥራው 200 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ወደዚያ ይጠጋል። ስለቱ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይጠረግና ምጣዱ ላይ ይቀመጣል፣ አክንባሎ ይደፋበታል። ቀስ እያለ ገለባ የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ ሲመጣበት ለወጥ ቤት ቢላ ይበቃዋል። ሰማያዊ ከሆነ ልስላሴው በዝቷል ማለት ነው።

ለእጀታ የወይራ እንጨት ጠንካራና ውብ ነው፤ የበሬ ቀንድም በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ ይይዛል። የመጀመሪያው ሥራ የወጥ ቤት ቢላ ቢሆን ከሁሉም ይሻላል። በፋሲካና በአረፋ ዋዜማ ቢላ ሞራጆች ሥራ የሚበዛባቸው ከተማ ውስጥ ጥሩ ቢላ ፈላጊ አያጣም። ጎረቤትና የቤተሰብ ታላላቅ ስለ ሥራው ቢያውቁ ደግሞ ጭሱም ድምፁም ጠብ አይሆንም። ሁለት ነገሮች ፈጽሞ ችላ አይባሉም። ግራይንደር ሲሠራ የዓይን መከላከያ መነጽር መደረግ አለበት። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቱቦም እሳት ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል።

ሙያውን በመደበኛ ትምህርት ማጠናከር ለሚፈልግ ተግባረ ዕድን የመሳሰሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብረታ ብረትና በብየዳ ያሠለጥናሉ። በትርፍ ጊዜው ብቻ መቀጠል ለሚፈልግ ደግሞ የቢል ሞራን ማኅበር ለመጀመሪያው የባለሙያነት ደረጃ ያወጣው ፈተና በግቢ ውስጥ ሊሞከር ይችላል። አንድ ቢላ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ወፍራም ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ጣውላ እየመታ ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይበጥሳል፣ ከዚያ በኋላ አሁንም የክንድ ፀጉር ይላጫል፣ በመጨረሻም ሞርሳ ላይ ታስሮ ሳይሰበር 90 ዲግሪ ይታጠፋል። በፈተናው መሐል የተሰበረ ቢላም አይጣልም። የስብራቱ ገጽ ግራጫና ደቃቅ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነበር፤ ሻካራና የሚያብረቀርቅ ፍሬ ከታየበት እሳቱ በዝቶበታል፣ የሚቀጥለው ባሌስትራ ከምድጃው ቀደም ብሎ መውጣት አለበት።